ጆኒ ዶላር እና የሰመጡት መርከቦች፦ የባሕር መድን ማጭበርበር በሬዲዮ ድራማና በእውነተኛው ዓለም

ሬዲዮ ወዳድ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ወዳጆች። የድሮ የሬዲዮ ድራማ የምትወዱ ካላችሁ ዛሬ ስለ ጆኒ ዶላር እንነጋገር። ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1962 ያስተላለፈው ተከታታይ ድራማ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፖሊስ አይደለም፤ የመድን ድርጅቶች ሲቸግራቸው እየቀጠሩ የሚልኩት መርማሪ ነው። የሚኖረውም የመድን ድርጅቶች መዲና በሆነችው በሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት ነው። ሰው ሞቶ፣ መጋዘን ተቃጥሎ፣ ጌጣጌጥ ጠፍቶ ወይም መርከብ ሰምጦ የካሳ ጥያቄ ሲቀርብ ስልኩ ይጮኻል፤ እርሱም ሻንጣውን ይዞ ይነሣል።

ሰሞኑን የሰማሁት «ሞሊ ኬ» የተባለውን ታሪክ ነው። በኦክቶበር 1955 በአምስት ተከታታይ ምሽቶች፣ በየምሽቱ ሩብ ሰዓት እየሆነ ተላልፏል። ዋናውን ሚና የሚጫወተው ቦብ ቤይሊ በዚያው ወር ነበር ሥራውን የጀመረው፤ አዘጋጁ ደግሞ ጃክ ጆንስቶን ነው። ጉዳዩ የአንዲት መርከብ መጥፋት ነው። እንዴት እንደሚያልቅ አልናገርም፤ ገና የምትሰሙት ትኖራላችሁ።

የማረከኝ የትረካው መንገድ ነው። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነገረው እንደ ወጪ ሒሳብ ነው። ጆኒ ለቀጠረው ድርጅት የሚልከውን የሒሳብ ደብዳቤ ያነባል፤ ወጪ ቁጥር አንድ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ይህን ያህል ዶላር፤ ወጪ ቁጥር ሁለት፣ ታክሲ። ከዚያ በሩ ይንኳኳል፣ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ እኛም ታክሲው ወዳደረሰው ቦታ እንገባለን። መጨረሻ ላይ ድምሩን ያስቀምጥና በስሙ ይፈርማል። እኔ ይህን ብልሃት ብቻ አድርጌ አላየውም። የመድን ማጭበርበር ራሱ የሒሳብ ወንጀል ነው። ንብረቱ ስንት ያወጣል፣ ስንት ተብሎ ተመዘገበ፣ ልዩነቱ ማን ኪስ ገባ? መርማሪው እያንዳንዷን ሳንቲም እየቆጠረ የሰው ሐሰተኛ ሒሳብ ሲፈታ መስማት ልብ ይሰቅላል።

ሬዲዮ ለባሕር ታሪክ የተፈጠረ ነው እላለሁ። የሰመጠች መርከብ አትታይም። መርማሪውም አያያትም፣ አድማጩም አያያትም። ሁለታችንም የቀረን የሰዎች ቃል ብቻ ነው፤ ካፒቴኑ እንዲህ አለ፣ የሞተር ሠራተኛው እንዲያ አለ። ማን እንደሚዋሽ የምንለየው ከድምፁ፣ ከአተነፋፈሱ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ከሚያልፈው ዝምታ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በእውነተኛው ዓለም ባለቤቱ ራሱ መርከቡን ያሰጠመበት ጉዳይ አለ ወይ? ወይስ ይህ የደራሲዎች ፈጠራ ነው? የምታውቁ አስተምሩን።


የሌሊት ጠባቂ

ወንድሜ፣ እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የሌሊት ሥራ የምሠራው በዚህ ድራማ ታጅቤ ነው። ስለ ጥያቄህ የሚያውቁ ይመልሱልህ፤ እኔ ለአዲስ አድማጮች አንድ ነገር ልበል። ጆኒ ዶላርን ብዙ ተዋንያን ተጫውተውታል። ቻርልስ ራስል ጀመረው፣ ከዚያ ኤድመንድ ኦብራየን፣ ቀጥሎ ጆን ለንድ፣ ከዚያ ቤይሊ መጣ። ሥራው በ1960 ከሆሊውድ ወደ ኒው ዮርክ ሲዛወር ቤይሊ ቀረ፤ ቦብ ሬዲክና ማንደል ክሬመር ጨረሱት። የመጨረሻው ስርጭት ሴፕቴምበር 30 ቀን 1962 ነበር። ለእኔ ግን ጆኒ ማለት ቤይሊ ነው፤ ድካሙም ንዴቱም ርኅራኄውም ከድምፁ ይሰማል። ከ1955 እስከ 1956 የተላለፉትን የአምስት ክፍል ታሪኮች አስቀድሙ። ጊዜ ስላላቸው ሰዎቹ ሰው ይመስላሉ። በግማሽ ሰዓት ተቋጥረው የሚያልቁት ግን ገጸ ባሕርያቱን ሳንለምዳቸው ያበቃሉ።


ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመድን ሥራ፣ በተለይም በባሕር ጭነት ክፍል ነው። ጥያቄው ወደ ቤቴ መጥቷልና ልመልስ።

አለ፤ ሞልቷል። መርከብ ሲጓዝ ቢያንስ ሁለት ዓይነት መድን ይኖረዋል። አንዱ የመርከቡ አካል መድን ነው፤ ሁለተኛው የጭነቱ። ባለቤቶቹም የሚለያዩ ናቸው። መርከቡ አርጅቶ የገበያ ዋጋው ወድቆ በመድን ውሉ ላይ ግን ከፍ ያለ ዋጋ ከተጻፈለት፣ ለባለቤቱ ከተንሳፋፊው መርከብ ይልቅ የሰመጠው ይጠቅመዋል። የጭነቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በወረቀት ላይ ውድ ማሽን፣ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ብረታ ብረት ቁርጥራጭ። ወረቀቱን ያየ ባንክ ይከፍላል፣ ወረቀቱን ያየ መድን ሰጪ ውል ይፈርማል፤ ሣጥኑን ከፍቶ ያየ ግን የለም።

በሙያችን ሰዎች ዘንድ ስሙ የማይረሳው «ሳሌም» የተባለው ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነው። ጊዜው 1979 መጨረሻ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት የነዳጅ ማዕቀብ ተጥሎባታል፤ ይሸጥላት የነበረው የኢራን ሻህም በዚያው ዓመት ወድቋል። አንድ ቡድን ይህን ጥማት አየ። መርከቡን ከ12 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ገንዘብ ገዝተው የ24 ሚሊዮን መድን አስገቡለት። ዲሴምበር ላይ ኩዌት ውስጥ ሚና አል አህመዲ ላይ ወደ 194,000 ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ ጫነ፤ መድረሻው አውሮፓ ነው ተባለ። መርከቡ ባሕር ላይ እያለ ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ጭነቱን በ56 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሼል ነዳጁ በመንገድ ላይ ነው ብሎ ሲጠብቅ መርከቡ ስሙን ከጎኑ ቀይሮ በድብቅ ደርባን ገባ። ስሙን ምን ብለው እንደቀየሩት ታውቃላችሁ? «ሌማ» አደረጉት። 180,000 ቶን ያህሉን እዚያ አራገፉ። ከዚያ የባሕር ውሃ ሞሉበት፤ ምክንያቱም ባዶ መርከብ ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ማንም ያውቅበታል።

በጃንዋሪ 17 ቀን 1980 ከሴኔጋል ባሕር ዳርቻ ባሻገር ጥልቅ ውሃ ላይ ሰመጠ። መርከበኞቹን ያነሣው «ብሪቲሽ ትራይደንት» የተባለ መርከብ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የአዳኙ መርከብ ሰዎች የተቀበሉት በድንገት ከሞት ያመለጡ ሰዎችን አልነበረም። ሻንጣቸውን አሰናድተው፣ ዳቦ በሥጋ ቋጥረው የወረዱ ሰዎችን ነው። የመርከቡ መዝገብ ግን ከእነርሱ ጋር አልነበረም፤ ለማንሣት ጊዜ አላገኘንም አሉ። ለልብስ ጊዜ ያገኘ ካፒቴን ለመዝገቡ ጊዜ አጣ። ያን ያህል ነዳጅ የጫነ መርከብ ሰምጦም ባሕሩ ላይ የታየው የዘይት ሽፋን ጥቂት ነበር። እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር ስለ ምርመራ ሥራ የሚገባኝ ነገር ይጨምራል፤ መርከቡ በሺህ ሜትሮች ጥልቀት ውስጥ ሆኖም ያ ሻንጣ ሁሉንም ተናገረ።


ሶስና ከአዳማ

ጋሼ፣ እጅግ እናመሰግናለን። እንደ ልብ ወለድ ነው ያነበብሁት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በመጨረሻ ገንዘቡን የከሰረው ማን ነው? ሼል በመድን ተካሰ?


ጡረተኛው

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ሼል መድን ሰጪዎቹን ከሶ ጉዳዩ በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ እስከነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1983 ተወሰነ። ፍርዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ ደርባን ላይ የተራገፈው ነዳጅ ባሕር የወሰደው አይደለም፣ ሌባ የወሰደው ነው፤ ውሉ ደግሞ እንዲህ ያለውን መወሰድ አይሸፍንም። ከመርከቡ ጋር የሰመጠው 15,000 ቶን ገደማ ግን በባሕር አደጋ እንደጠፋ ስለሚቆጠር ለእርሱ ይከፈል። ደቡብ አፍሪካም ከሼል ጋር ተስማምታ 30.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። የሤራው መሪ የሆነው ሊባኖሳዊ አሜሪካዊ ፍሬድሪክ ሱዳን በ1985 በሂዩስተን 35 ዓመት ተፈረደበት።

በውል ሥራ ውስጥ የትኛው አደጋ እንደተሸፈነ የሚለው ጥያቄ ሚሊዮኖችን ይወስናል። በጆኒ ዶላር ድራማ ውስጥ እንዲህ ያለው ክርክር አይሰማም። ለሩብ ሰዓት ሬዲዮ ይከብዳል፤ አልወቅሳቸውም።


የሕግ ተማሪ

እኔ ከጋሼ ንግግር ልቀጥልና መርማሪ ወዳዶችን የሚያናድድ ፍርድ ላምጣ። «ፖፒ ኤም» የተባለች ስኳር የጫነች መርከብ በኦገስት 1976 ከአልጄሪያ ባሕር ዳርቻ ባሻገር ሰመጠች። ባሕሩ የረጋ፣ ሰማዩም የጠራ ነበር። ጎኗ ተቀድዶ ውሃ ገባ። ባለቤቶቹ «በውሃ ውስጥ የሚሄድ ሰርጓጅ መርከብ ገጭቷት ነው» አሉ። መድን ሰጪዎቹ «አርጅታ ነው» አሉ። የመጀመሪያው ዳኛ የሁለቱንም ሐሳብ መዘነ፤ የሰርጓጁ ነገር እጅግ የማይመስል መሆኑን አመነ፣ ነገር ግን ሌላውን አማራጭ ስለጣለው የቀረውን ተቀበለ።

ይህ የታወቀው የሼርሎክ ሆምስ መንገድ ነው፤ የማይቻለውን ሁሉ አስወግድ፣ የተረፈው ምንም ያህል የማይመስል ቢሆን እውነቱ እርሱ ነው የሚለው። በ1985 ግን ጉዳዩ የጌቶች ምክር ቤት ሲደርስ ዳኛው ሎርድ ብራንደን የሆምስን አባባል በስም ጠቅሰው ለዳኛ አይሠራም አሉ። ዳኛ ከሁለት የማይመስሉ ታሪኮች አንዱን እንዲመርጥ አይገደድም። ሦስተኛ መንገድ አለው፦ ከሳሽ አላስረዳም ብሎ መዝጋት። ባለቤቶቹም ተረቱ።

ይህን የማነሣው ድራማውን ለማጣጣል አይደለም። በሬዲዮ ታሪክ ውስጥ እውነቱ የግድ መታወቅ አለበት፤ አድማጭ ሳያውቅ አይተኛም። በባሕር ጉዳይ ግን እውነቱ ሳይታወቅ የሚዘጋ መዝገብ አለ፣ ፍርዱም ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የወንጀል ድራማ የበለጠ ያስደነግጣል።


ቅሬታ አለኝ

ሁላችሁም ከመድን ሰጪው ጎን ቆማችሁ ስትናገሩ አያለሁ። እኔ ከሌላው ወገን ልናገር። መኪናዬ በሌላ መኪና ተገጭታ ካሳ ስጠይቅ ያልቀረበብኝ ጥርጣሬ የለም። ሆነ ብለህ ነው፣ ቀድሞም የተጎዳች ነበረች፣ ፎቶውን አምጣ፣ ሌላ ፎቶ አምጣ። በመጨረሻ የተሰጠኝ ከጠየቅሁት እጅግ ያነሰ ነው። ታዲያ ጆኒ ዶላር ጀግና የሚሆነው ለማን ነው? የሚልኩት ድርጅቶች ናቸው፣ የሚከፍሉትም እነርሱ ናቸው። ሐቀኛ ሰው ካሳ ሲጠይቅ በር ላይ የሚጠብቀው መርማሪ ከሆነ የመድን ትርጉሙ ምን ላይ ነው?


የሕግ ተማሪ

ወንድሜ፣ ቅሬታህ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው ሕጉ ለመድን ሰጪው ሸክም የጣለበት። በእንግሊዝ የባሕር መድን ሕግ፣ ይኸውም በ1906 በወጣው አዋጅ ሥር በዳበረው አሠራር፣ መድን ሰጪው «መርከቡን ያሰጠመው ባለቤቱ ራሱ ነው» ብሎ ከከሰሰ ማስረጃው ጠንካራ መሆን አለበት። ክሱ ከባድ ስለሆነ ዳኛው በጥርጣሬ ብቻ አይቀበለውም።

ደግሞ ድራማውን ከልብ ስማው። ጆኒ አንዳንድ ጊዜ የሚደርስበት መደምደሚያ ቀጣሪውን ድርጅት አያስደስትም። ይከፈል የሚልበት ጊዜ አለ። እኔ የወደድሁት ለዚህ ነው፤ ለእውነቱ እንጂ ለድርጅቱ አያደላም።


ጡረተኛው

ልጄ፣ በአንተ ላይ የደረሰው ያሳዝናል፤ በሥራ ዘመኔም እንዲህ ያለ አሠራር ተቃውሜአለሁ። ነገር ግን «ድርጅቱ ሀብታም ነው፣ ቢጭበረበር ምን አለበት» ወደሚለው እንዳንሄድ። ድርጅቱ የሚከፍለው ከአረቦን፣ ማለትም መድን ገቢዎች ለመድኑ ከሚከፍሉት ገንዘብ ነው። አንዱ መርከቡን አሰጥሞ የወሰደውን በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም መድን ገቢ በአረቦን ጭማሪ ይከፍለዋል።


አልማዝ ዘቪየና

ገንዘቡን ተዉትና ስለ ሰው ሕይወት እንነጋገር። እኔ የምኖርበት አገር ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ሉኮና» ትባላለች። በጃንዋሪ 23 ቀን 1977 በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከማልዲቭስ አካባቢ ፈንድታ ሰመጠች። 12 ሰዎች ነበሩባት፤ ስድስቱ ሞቱ። ጭነቱ የዩራኒየም ማዕድን ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ነው ተብሎ የ212 ሚሊዮን የኦስትሪያ ሺሊንግ መድን ተገብቶለት ነበር። እውነቱ ግን ረብ የሌለው ብረታ ብረት ነው። ባለ ጭነቱ ኡዶ ፕሮክሽ የቪየና ከፍተኛው ማኅበረሰብ ሰው ነበር፤ ዴሜል የተባለው የታወቀው የኬክ ቤት ባለቤት፣ የሚኒስትሮች ወዳጅ።

ወዳጅነቱ ዓመታት ገዛለት። ምርመራው ተጎተተ፣ ቆመ፣ እንደገና ተከፈተ። ሲጠብበት አገር ጥሎ ሸሸ፣ ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስለወጠ፣ በ1989 ቪየና አየር ማረፊያ ላይ ተያዘ። በዚያው ዓመት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ካርል ብሌካና የፓርላማው ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ግራትስ በዚህ ጉዳይ የተነሣ ከሥልጣን ለቀቁ። ፍርድ ቤቱ የመርከቧን ስብርባሪ ፍለጋ አስደረገ፤ በ1991 ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኘች። የተገኘውም ፍንዳታው ከውስጥ መሆኑን አሳየ። ፕሮክሽ በ1992 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፣ በ2001 በእስር ላይ እያለ ሞተ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። እዚህ ላይ ግን ለመጥራት 15 ዓመት ፈጅቷል፣ ያውም ጋዜጠኞችና ጥቂት ግትር ሰዎች ስላልተዉት ነው። ስድስቱ መርከበኞች ግን ጭነታቸው ሐሰት መሆኑን እንኳ ሳያውቁ ሞቱ። «መድን ማጭበርበር የወረቀት ወንጀል ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ስለ እነርሱ እነግረዋለሁ።


ሬዲዮ ወዳድ

አልማዝ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዝም ብዬ ነው ያነበብሁት።

አንድ ነገር ልጠይቅ። በድራማው ውስጥ ጆኒ ይደበደባል፣ ይተኮስበታል፣ ከመርከብ ላይ ሊወረወር ይደርሳል። እነዚህ ትዕይንቶች ለአድማጭ ማጣፈጫ የተጨመሩ ይመስሉኛል። በእውነቱ የመድን መርማሪ መዝገብ የሚያገላብጥ፣ ሰነድ የሚያመሳክር ሰው አይደለም? አደጋው የት አለ?


ትራንዚተር ዘጅቡቲ

ወንድሜ፣ ለዚህ መልስ ከአጠገባችን አለልህ። ኤደን ወደብ ከጅቡቲ ባሕሩን ተሻግሮ ነው።

በጁላይ 2011 «ብሪላንቴ ቪርቱኦሶ» የተባለ ትልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከኤደን ባሻገር ቆሞ ነበር። 140,000 ቶን ያህል ነዳጅ ጭኖ ከዩክሬን ወደ ቻይና ይሄድ ነበር፤ ቆሞ የሚጠብቀው የጥበቃ ቡድን ነው ተባለ። ሌሊት ፊታቸውን የሸፈኑ ሰባት የታጠቁ ሰዎች በትንሽ ጀልባ መጡ፤ የጥበቃ ሰዎች ነን ብለው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ከዚያ የሞተሩ ክፍል ተቃጠለ። 26ቱን ፊሊፒናውያን መርከበኞች የአሜሪካ የጦር መርከብ አዳናቸው። በዚያ ወቅት የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች በየቀኑ ዜና ነበሩና ዓለም ሁሉ «ወንበዴዎች ናቸው» ብሎ አለፈው። ነገር ግን ወንበዴ መርከብና መርከበኛ ይዞ ገንዘብ ይጠይቃል እንጂ አቃጥሎ ባዶ እጁን አይመለስም።

ኤደን ውስጥ ዴቪድ ሞኬት የተባሉ እንግሊዛዊ የመርከብ መርማሪ ነበሩ። ለዓመታት እዚያ የኖሩ፣ ወደቡን እንደ ቤታቸው የሚያውቁ ሰው። ለመድን ሰጪዎቹ መርከቡን እንዲያዩ ተላኩ፤ ገብተው አዩ። የተነገረው የጥቃት ታሪክና ያዩት ጉዳት አልገጠመላቸውም። ጥርጣሬያቸውን ገለጹ። በጁላይ 20 ቀን 2011 ከቢሮአቸው ወጥተው መኪናቸውን ሲያንቀሳቅሱ ከመቀመጫው ሥር የተጠመደ ቦምብ ገደላቸው።

የካሳው ጥያቄ 77 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ክርክሩ ለንደን ውስጥ ዓመታት ወሰደ። በኦክቶበር 2019 ዳኛ ቲር ፍርድ ሰጡ፦ ጥቃቱ የወንበዴ ጥቃት አይደለም፤ መርከቡ የጠፋው በባለቤቱ አቀናባሪነት ነው። ለመርከቡ ያበደረው ባንክ ያቀረበው የካሳ ጥያቄም ወደቀ።

ሞኬት ሰነድ የሚያመሳክር፣ የተቃጠለ ብረት የሚያይ፣ ያየውን የሚጽፍ ባለሙያ ነበሩ። ሽጉጥ አልያዙም። አደጋው የት አለ ላልከው፣ ያየኸውን በሐቅ መጻፍ ላይ ነው።

እኛ በዚህ መስመር የምንሠራ ሰዎች ሌላም ነገር እናውቃለን። የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሜይ 2008 በለንደን የመድን ገበያ የጦርነት አደጋ ቀጣና ተብሎ ተመዘገበ፤ የሚያልፍ መርከብ ተጨማሪ አረቦን ይከፍላል። የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጅቡቲ ነው የሚገባው። እውነተኛው ወንበዴም፣ የወንበዴ ልብስ የለበሰው አጭበርባሪም የሚያስከትሉት ወጪ ዞሮ ዞሮ መርካቶ በሚሸጠው ዕቃ ላይ ያርፋል።


የሌሊት ጠባቂ

ነፍሳቸውን ይማር። ከእንግዲህ ጆኒ መደብደቡ የተጋነነ ነው የሚል ካለ ወደዚህ ክር እልከዋለሁ።


ሶስና ከአዳማ

ለሞኬት ቤተሰብ መጽናናትን ይስጣቸው። የገዳዩ ነገርስ? ተያዘ?


ትራንዚተር ዘጅቡቲ

እህቴ፣ የለንደኑ ክርክር የካሳ ክርክር ነበር እንጂ የግድያ ችሎት አልነበረም። ኤደን ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ጦርነት ውስጥ ገባች።


የመጻሕፍት ሰው

ሁሉም የቅርብ ጊዜ ታሪክ አመጣ፤ እኔ አንድ የቆየ ላክል። «ሜሪ ሴሌስት» የተባለችውን ባለ ሸራ መርከብ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ በዲሴምበር 1872 ሰው አልባ ሆና አትላንቲክ ላይ የተገኘችው። ስለዚያ ምሥጢር የተጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም። መጨረሻዋን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በጃንዋሪ 1885 ካፒቴን ጊልማን ፓርከር ሄይቲ አጠገብ ከሚገኝ የኮራል ድንጋይ ላይ ሆነ ብሎ አወጣት። ጭነቱ የ30,000 ዶላር መድን ነበረው። ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ቢላዋና ሹካ ተብሎ የተመዘገበው የውሻ አንገት ማሰሪያ ሆኖ ተገኘ።

ጉዳዩ ቦስተን ላይ ታየ። መርከብን ሆነ ብሎ ማጥፋት በጊዜው በሞት ያስቀጣ ስለነበር ፍርድ እንዲሰጡ ከሕዝብ የተመረጡት ሰዎች (ጁሪ) ሰውየውን ለመስቀል እጃቸው አልታዘዘም፤ ሳይስማሙ ቀሩ። ፓርከር ከችሎቱ በኋላ ስሙ ጠፍቶ ብዙ ወራት ሳይቆይ ሞተ። እኔ ይህ ለአምስት ምሽት ድራማ የሚበቃ ታሪክ ነው እላለሁ፤ በተለይ ያንን ሣጥን የሚከፍተውን ሰው ድምፅ ልሰማው እፈልጋለሁ።


ጡረተኛው

ስለ ሣጥኑ ያልኸው ልክ ነው። እኛም ዘንድ ምርመራ የሚጀመረው ከሣጥኑና ከወረቀቱ ነው። የጭነት ሰነዱ ላይ ያለው ክብደት፣ የአራጋፊዎቹ መዝገብ ላይ ያለው ክብደት፣ የጉምሩክ መግለጫው ላይ ያለው ክብደት፤ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አጭበርባሪ ብዙውን ጊዜ አንዱን ወረቀት አስተካክሎ ሌላውን ይረሳል። ቀጥሎ መድኑ መቼ እንደተገባ ተመልከቱ፤ ከጉዞው ጥቂት ቀን በፊት ዋጋው ከፍ ከተደረገ ቆም በሉ። ከዚያ መርከበኞቹን ለየብቻ አነጋግሩ። አብረው ከተቀመጡ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል። ለየብቻ ሲሆኑ ግን እውነት የሚናገሩት በጥቃቅኑ ይለያያሉ፤ ያጠኑት ሰዎች ናቸው ቃል በቃል አንድ የሚሆኑት።

ጆኒ ዶላር ይህን የመጨረሻውን በደንብ ያውቅበታል። ሬዲዮ ወዳድ ካስጠቆመን በኋላ ልጄ በስልኬ ከፍቶልኝ ሰማሁት። ሰዎቹን አንድ በአንድ፣ ያለ ጩኸት ነው የሚያናግራቸው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው ብዬ አሰብሁ።


የሕግ ተማሪ

ጋሼ፣ በአገራችን ሕግ የባሕር መድን የት ነው የሚገኘው? ባሕር የለንም ብለው የሚያልፉት ስላሉ ነው።


ጡረተኛው

በ1952 ዓ.ም. ከንግድ ሕጉ ጋር የወጣው የባሕር ሕግ ውስጥ ነው። ያኔ ምጽዋና አሰብ ነበሩን። ስለ መርከብ፣ ስለ ካፒቴን ኃላፊነት፣ ስለ ጭነት ሰነድ እና ስለ ባሕር መድን የሚናገሩ ክፍሎች አሉት። ባሕር የለንም ብሎ የሚያልፈው ሰው ኤል ሲ (ባንክ ለዕቃ ሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ከፍቶ ዕቃ አስመጥቶ የማያውቅ ነው። ወደብ ባይኖረንም ዕቃችን በየቀኑ ባሕር ላይ ነው። አንተ ወጣት ነህ፤ በዚህ ሙያ በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ናቸውና ግባበት።


ሬዲዮ ወዳድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ከጠበቅሁት በላይ ተመልሷል፤ ሉኮናንና ሞኬትን ከሰማሁ በኋላ ሞሊ ኬን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እንደገና እየሰማሁት ነው።

ቀጥሎ አብረን የምንሰማው «የቼሳፒክ ማጭበርበር» ይሁን። በዚያው በኦክቶበር 1955 ከሞሊ ኬ በሚቀጥለው ሳምንት የተላለፈ ነው፤ እርሱም አምስት ክፍል ነው። እሑድ ማታ አዲስ ክር እከፍታለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ እንዲጽፉልን እንጠብቃለን። የሌሊት ጠባቂ፣ አንተ ቀድመህ እንደምትጨርሰው አውቃለሁ፤ እባክህ እስከ እሑድ መጨረሻውን አትናገር።